ወፍራም እንጨት ለከተማ መኖሪያ ቤት፦ «ከሦስት ወለል በላይ ይከልከል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ በከተሞች ውስጥ ባለ ብዙ ወለል የመኖሪያ ሕንፃን ከእንጨት መሥራት አደገኛ ፋሽን ነው ሲል ይሟገታል። ጸሐፊው አምስት ነጥቦችን ያነሣሉ፦ እንጨት ይቃጠላል፤ ረጅም ሕንፃ ለመሸከምም ሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ለመቋቋም አቅም የለውም፤ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይበላዋል፤ ለአየር ንብረት ይጠቅማል መባሉ ለደን ጭፍጨፋ የተዘጋጀ ሽፋን ነው፤ በመጨረሻም ውድና ድምፅ የሚያሳልፍ ነው። ከዚህ ተነሥተውም ደንብ አውጪዎች የእንጨት መኖሪያ ሕንፃን ከሦስት ወለል በላይ እንዲከለክሉ ይጠይቃሉ። ጽሑፉ ለነዋሪዎች ደኅንነት በማሰብ የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም። የተሳሳቱት በሚፈሩት ነገር ቅደም ተከተል ላይ ይመስለኛል፤ የጽሑፋቸውን ግማሽ ለእሳት ሰጥተው ውሃን በአንድ አንቀጽ አልፈውታል፣ ስለ ደን ደግሞ ተገቢ ጥያቄ አንሥተው ከጥያቄው የማይከተል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል።

በመጀመሪያ ስለምንነጋገርበት ነገር እንግባባ። ጽሑፉ ከቀጫጭን ቋሚዎችና ከሳንቃ የሚሠራውን የተለመደ የእንጨት ቤትና «ማስ ቲምበር» የሚባለውን የወፍራም እንጨት ግንባታ አንድ አድርጎ ይመለከታል። በኋለኛው ዘዴ ዋናው ተሸካሚ አካል ሲኤልቲ ተብሎ የሚጠራው ገበታ ነው። የእርጥበት መጠናቸው ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ በምድጃ የደረቁ ጣውላዎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ቀጣዩ ንብርብር የፊተኛውን አግድሞ ይነጠፋል፤ ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ንብርብር ሲሆን በሙጫ ተጣብቆ በከባድ መጭመቂያ ይጨመቃል። ከዚያ የሚወጣው ገበታ እንደ አርማታ ሶሌታ ወለል፣ እንደ ግንብም ግድግዳ ሆኖ ይሸከማል። ዘዴው በኦስትሪያና በጀርመን በ1990ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዳበረ ሲሆን፣ በግራትስ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምርምሩን የመሩት ጌርሃርድ ሺክሆፈር በ2019 ለደንና ለእንጨት ምርምር የሚሰጠው የማርከስ ዋለንበርግ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ጣውላዎች በአንድ አቅጣጫ ተጣብቀው የሚሠራውና ለምሰሶና ለአግዳሚ የሚያገለግለው ግሉላም ደግሞ ከዚህ እጅግ ይቀድማል፤ ጀርመናዊው ኦቶ ሄትሰር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገቡት በ1906 ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ያልተፈተነ አዲስ ነገር ያሉት ዘዴ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሥር ያለው ነው።

ወደ እሳቱ ልምጣ። ጸሐፊው በ1666 የለንደንን፣ በ1871 ደግሞ የቺካጎን ከተማ ያወደሙትን ቃጠሎዎች ያስታውሱናል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ያኔ የተቃጠሉት ግን እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ እሳት የሚያግድ ግድግዳ ሳይኖራቸው በአብዛኛው ከእንጨትና ከስስ ሳንቃ የተሠሩ ቤቶች ነበሩ። ምድጃ አንድዶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በጭራሮና በግንድ መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል፤ ጭራሮው ወዲያው ይንቦገቦጋል፣ ግንዱ ግን ላዩ ይከስልና ውስጡ ለረጅም ሰዓት ሳይነካ ይቆያል። የመዋቅር መሐንዲሶች የሚያሰሉትም ይህንኑ ነው። በአውሮፓ የእንጨት መዋቅር ደንብ መሠረት ወጥ የጥድ ዓይነት እንጨት በደቂቃ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ይከስላል፤ በአንድ ሰዓት 39 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ከከሰሉ ሥር በሙቀት የተዳከመ 7 ሚሊ ሜትር ይታከልበታል፤ ይህ ሁሉ ተቀንሶ የቀረው አካል ብቻውን ሕንፃውን መሸከም እንዲችል ተደርጎ ውፍረቱ ይወሰናል። ያልተሸፈነ ብረት በአንጻሩ ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጥንካሬውን በግማሽ ያህል ያጣል፤ ለዚህም ነው የብረት ምሰሶ ያለ መከላከያ ሽፋን የማይተወው። የትኛውም የግንባታ ቁስ ከእሳት ነጻ አይደለም፤ የምንመርጠው ሁኔታው ሊሰላ የሚችለውን ነው።

ጸሐፊው ከለንደኑ የግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎ በኋላ እንግሊዝ ያወጣችውን ክልከላ ለእንጨት ብቁ አለመሆን ማስረጃ አድርገው አቅርበዋል። በሰኔ 2017፣ 72 ሰዎች የሞቱበት ያ ሕንፃ የአርማታ ሕንፃ ነበር፤ እሳቱን ከወለል ወደ ወለል ያዳረሰው ከውጭ የተለበጠው ውስጡ ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ገበታ ነው። በ2018 የወጣው ክልከላ ከ18 ሜትር በላይ በሚረዝሙ የመኖሪያ ሕንፃዎች የውጭ ግድግዳ ላይ የሚቀጣጠል ነገርን ሁሉ ስለከለከለ፣ በውጭ ግድግዳ ላይ የሚያርፈውን ሲኤልቲም ጨመረ። ክልከላውን እንደ ጥንቃቄ እረዳዋለሁ። ነገር ግን እንጨት ተሞክሮ ወደቀ የሚል ትርጉም ሊሰጠው አይገባም፤ በዚያ ሌሊት ተሸካሚ እንጨት አልተፈተነምና።

ይህን ስል በእሳት ጉዳይ የሚያሳስብ ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ጸሐፊው ሊያነሡት ሲገባ ያላነሡት ብርቱ ጥያቄ አለ። ሳይሸፈን የተተወ የእንጨት ጣሪያና ግድግዳ ራሱ ማገዶ ሆኖ በክፍሉ ዕቃ ላይ ይደመራል። በ2021 በፈረንሳይ በተደረገ ሰፊ ሙከራ ከተጋለጠ የእንጨት ጣሪያ ሥር እሳት ምን ያህል በፍጥነት እንደሚዛመት ታይቷል። ሌላው ችግር ሙጫው ነው፤ በሙቀት የሚለሰልስ ሙጫ ከተጠቀሙ የከሰለው ንብርብር ተልጦ ይወድቅና ትኩስ እንጨት ለእሳቱ ይጋለጣል፣ ሊከስም የነበረውም እሳት እንደገና ይነሣል። የሰሜን አሜሪካ የሲኤልቲ ደረጃ በ2018 የተሻሻለው ሙቀት የሚቋቋም ሙጫን ግዴታ ለማድረግ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2017 በአሜሪካ ሜሪላንድ በሚገኝ የምርምር ማዕከል ውስጥ ባለ ሁለት ወለል የመኖሪያ ቤት ተሠርቶ አምስት የቃጠሎ ሙከራዎች ተካሂደውበታል፤ እንጨቱ ሙሉ በሙሉ በጂፕሰም ቦርድ በተሸፈነበት ሙከራ የክፍሉ ዕቃ ነድዶ ሲያልቅ እሳቱ በራሱ እየከሰመ ሄዷል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ በአሜሪካ የሚያገለግለው የ2021 «ዓለም አቀፉ የሕንፃ ደንብ» ሙሉ በሙሉ ለተሸፈነ እንጨት እስከ 18 ወለል፣ በከፊል ለተጋለጠ እስከ 12፣ በአብዛኛው ለተጋለጠ እስከ 9 ወለል ፈቅዷል፤ በሁሉም አውቶማቲክ የውሃ መርጫ ግዴታ ነው። የከፍታው ወሰን ከሽፋኑ ጋር መታሰሩ ጸሐፊው ከሚጠይቁት ጥቅል የሦስት ወለል ገደብ እጅግ የበሰለ አካሄድ ነው። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሕንፃው ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ ጂፕሰሙ ሳይለበጥና የውሃ መርጫው ሳይገጠም ያለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ አንድ የብየዳ ብልጭታ የሚያደርሰው ጉዳት ነዋሪ ከገባ በኋላ ከሚደርሰው ሊብስ ይችላል፤ ሆኖም ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቃል አላገኘሁም።

ስለ ጥንካሬ የቀረበው ክርክር በቀላሉ የሚመለስ ነው። በካናዳ ቫንኩቨር፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በ2017 የተጠናቀቀው የተማሪዎች መኖሪያ 18 ወለል አለው፤ በኖርዌይ ብሩሙንዳል ከተማ በ2019 የተሠራው ምዮስቶርኔት 85.4 ሜትር ይረዝማል፤ በ2022 በአሜሪካ ሚልዋኪ የተመረቀው አሴንት ደግሞ 25 ወለልና 259 መኖሪያ ቤቶች ይዞ 86.6 ሜትር ደርሷል። ጸሐፊው እነዚህ ሕንፃዎች በውስጣቸው አርማታ ደብቀዋል ይላሉ። አርማታ መኖሩ እውነት ነው፣ የደበቀው ግን የለም። የቫንኩቨሩ ሕንፃ ደረጃና አሳንሰር የያዙት ማዕከሎቹ የአርማታ ናቸው፤ የአሴንት የታችኞቹ ስድስት ወለሎችም እንዲሁ። በምዮስቶርኔት ደግሞ የላይኞቹ ሰባት ወለሎች ሶሌታ ከአርማታ የተሠራው እንጨቱ ስላልቻለ ሳይሆን በጣም ቀላል ስለነበረ ነው፤ በነፋስ እንዳይወዛወዝ ከላይ ክብደት አስፈለገው። ቁሶችን እንደየባሕርያቸው ማቀናጀት የምህንድስና መደበኛ ሥራ ነው፤ አርማታም ራሱ ሲሚንቶ ያለ ብረት ስለማይችል የተፈጠረ ቅንጅት መሆኑን አንርሳ።

ይህ ቀላልነት በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ጥቅም ይሆናል። ሕንፃን የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ ጋር የሚጨምር ሲሆን፣ የሲኤልቲ ክብደት በሜትር ኩብ ከ450 እስከ 500 ኪሎ ግራም፣ የአርማታ ደግሞ ወደ 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በ2007 የጣሊያን ተመራማሪዎች የሠሩት ባለ ሰባት ወለል የሲኤልቲ ሕንፃ በጃፓን ሚኪ ከተማ በሚገኘው ግዙፍ የሚንቀጠቀጥ መድረክ ላይ ቆሞ የ1995ቱን የኮቤ መንቀጥቀጥ ያለ ቋሚ መዛባት አልፏል። በ2023 በሳን ዲዬጎ የተፈተነው ሕንፃ ባለ አሥር ወለል ነበር። ጉልበቱን የሚያበርደው በብዛት ገበታውን ከገበታ የሚያያይዘው የብረት መገጣጠሚያ ስለሆነ፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለእንጨቱ ሳይሆን ለመገጣጠሚያው ንድፍ ነው። ለስላሳ መሬት ወይም ከሥሩ ዋሻ ባለበት ቦታም የክብደቱ ማነስ ለውጥ ያመጣል፤ በለንደን ዳልስተን በ2017 የተጠናቀቁት ባለ 121 ቤት ሕንፃዎች ሲኤልቲ የተመረጠላቸው አንዱ ምክንያት ከሥር ያለው የባቡር ዋሻ ከባድ ሕንፃ የማይፈቅድ መሆኑ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምለያየው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ እርሳቸው በቂ አልፈሩም። እንጨት ከ50 ዓመት በላይ አይቆይም የሚለው አባባላቸው በርግጥ ስህተት ነው። የጃፓኑ ሆርዩጂ ቤተ መቅደስ ባለ አምስት ደረጃ ግንብ ከ1,300 ዓመታት በላይ ቆሟል፤ በቻይና ዪንግሺየን በ1056 የተሠራው የእንጨት ግንብም 67 ሜትር ያህል ከፍታ ይዞ እስከ ዛሬ አለ። ነገር ግን የእንጨት ደጋፊዎች እነዚህን እንደ ማረጋገጫ ሲጠቅሱ ደስ አይለኝም። እነዚያ ሕንፃዎች ጣሪያቸው ከግድግዳው እጅግ ርቆ የወጣ፣ ከሁሉም ጎን ነፋስ የሚያገኛቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በውስጣቸው ቧንቧ የሌለባቸው ናቸው። የከተማ መኖሪያ ሕንፃ በየወለሉ መታጠቢያና ወጥ ቤት አለው፤ ውሃው ያለው ውስጥ ነው።

እንጨት የሚበሰብሰው ሲረጥብ ሳይሆን ረጥቦ ሲቆይ ነው። የእርጥበት መጠኑ ከ20 በመቶ በታች እስካለ ድረስ አበስባሽ ፈንገስ ሊያድግበት አይችልም፤ ስለዚህ በ12 በመቶ ከፋብሪካ የወጣ ገበታ ደረቅ ከሆነ ዕድሜው አያሳስብም። አደጋው ከመታጠቢያ ክፍል ሴራሚክ ሥር በጠብታ የምትወርድ፣ ለዓመታት ማንም የማያያት ፍሳሽ ናት። በአርማታ ሕንፃ ይህች ፍሳሽ የጎረቤቱን ኮርኒስ አቆሽሻ ራሷን ታጋልጣለች። በእንጨት ሕንፃ ግን ከላይ የአሸዋና የሲሚንቶ ንጣፉ፣ ከታች ለእሳት ተብሎ የተለበጠው ጂፕሰም ሸፍነዋት፣ ገበታው በተቆረጠ ጫፉ በኩል ውሃውን ዝም ብሎ ይጠጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው። ለእሳት የምናደርገው ጥንቃቄ ለውሃ መደበቂያ መሆኑ የዚህ ግንባታ እውነተኛ ፈተና ሲሆን፣ ጸሐፊው «ይበሰብሳል» ብለው በአጭሩ ስላለፉት አንባቢው ምን መጠየቅ እንዳለበት ሳያውቅ ቀርቷል።

መፍትሔዎቹ የታወቁ ናቸው። የመታጠቢያ ክፍሎችን ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ማድረግ፤ ከንጣፉ ሥር ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ዘርግቶ ፍሳሹ ወደሚታይ ቦታ እንዲወጣ ማድረግ፤ ቧንቧን በእንጨት ውስጥ አለመቅበር፤ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ በተጋላጭ ቦታዎች መትከል፤ የገበታውን ጫፎች ፋብሪካ ውስጥ እያሉ ማሸግ፤ በግንባታ ወቅት ዝናብ ሳያገኘው ጣሪያ ማድረስ፤ ዝናብ ካገኘውም ሳይደርቅ አለመሸፈን። የመጨረሻው በጣም ቀላል ይመስላል፤ የማስረከቢያ ቀን ሲቀርብ ግን በመጀመሪያ የሚጣሰው እርሱ ነው። ምስጥን በተመለከተ የመጀመሪያውን ወለል ከአርማታ ሠርቶ እንጨቱን ከመሬት ማራቅና መግቢያ መንገዶቹን ለምርመራ ክፍት አድርጎ መተው አብዛኛውን አደጋ ይቀንሳል፤ ምስጥ በበዛበት አካባቢ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፣ በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ወይም ቋሚ ክትትል ይጠይቃል።

አሁን ወደ ደኑ ልመለስ። ይህ የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ስለሆነ ሙሉውን ልስጣቸው። የእንጨት ደጋፊዎች በአንድ ሜትር ኩብ እንጨት ውስጥ ከ700 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቋጥሯል ይላሉ፤ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሹ ካርቦን ነውና። ነገር ግን ዛፉ ሲቆረጥ ሥሩና ቅርንጫፉ ጫካ ውስጥ ይበሰብሳሉ፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ ብዙው ሰጋቱራና ቁርጥራጭ ይሆናል፤ ዛፉ ባይቆረጥ ኖሮ የሚቀጥለው ዕድገትም አለ። የዓለም ሀብቶች ተቋም ተመራማሪዎች በ2023 ያቀረቡት ተቃውሞ ይኸው ነው፤ ሳይሰሙት ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ አርማታ» ማለት አይቻልም። ሲሚንቶ ብቻውን በዓለም ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ይለቃል፤ ከዚህ ከግማሽ በላይ የሚወጣው የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ከድንጋዩ ራሱ ስለሆነ ምድጃውን በንጹሕ ኃይል ማንደድ አያስቀረውም። ጸሐፊው የእንጨትን ሒሳብ እስከ ሥሩ ድረስ ቆፍረው የአርማታውን ሳይከፍቱ ትተውታል። በፖትስዳም የአየር ንብረት ተቋም የተሠራ የ2022 ጥናት ሁለቱንም ጎን ያሳያል፦ ከአዲሱ የከተማ ሕዝብ 90 በመቶ የሚሆነው መካከለኛ ቁመት ባላቸው የእንጨት ሕንፃዎች ቢኖር እስከ 2100 ድረስ 106 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊቀር ይችላል፣ ለዚህ ግን እስከ 149 ሚሊዮን ሄክታር ተጨማሪ የተተከለ ደን ያስፈልጋል። ይህ ሰፊ መሬት ነው፤ ከየት እንደሚመጣ፣ የማን እንደሆነና ምን ተነቅሎ እንደሚተከል ሳይጠየቅ ቁጥሩን ማወደስ አይገባም። ግን ደግሞ በዓለም ከሚቆረጠው እንጨት ግማሽ ያህሉ ዛሬም ለማገዶ እንደሚውል እናስታውስ። ለአንድ ክፍለ ዘመን ቤት ሆኖ ሊቆም የሚችል እንጨት ተቆጥሮ ሲወገዝ፣ በዚያው ዓመት ጢስ የሚሆነው ሳይቆጠር መቅረቱ ሚዛኑን ያዛባል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ እንጨቱ ከሚያድገው በታች ከሚቆረጥበት፣ ከተመሰከረለትና እስከ ጫካው ድረስ ሊከታተሉት ከሚቻል ደን የመጣ ከሆነ ይሠራበት፤ ከጥንት የተፈጥሮ ደን ከሆነ ወይም ምንጩ ካልታወቀ ጸሐፊው እንዳሉት አይሠራበት። ይህ መስፈርት የእንጨቱን ምንጭ የሚመለከት ነው፤ የሕንፃውን የወለል ብዛት አይነካም።

ስለ ዋጋ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። ገበታው በሜትር ኩብ ከአርማታ ይወደዳል፤ የመድን ድርጅቶችም ከፍ ያለ ክፍያ ይጠይቃሉ ወይም ጭራሹን ይሸሻሉ። የሚካካሰው በጊዜና በመሠረት ነው። በለንደን መሪ ግሮቭ በ2009 የተሠራው 29 ቤቶች ያሉት ባለ ዘጠኝ ወለል ሕንፃ፣ ከአርማታው ምድር ቤት በላይ ያለው የእንጨት መዋቅሩ በአራት አናጺዎች በ27 የሥራ ቀናት ቆሟል፤ የቫንኩቨሩም መዋቅር ክፍሎቹ ቦታው ከደረሱ በኋላ ከ70 ቀን ባነሰ ጊዜ አልቋል። ይህ የሚሆነው ግን ንድፉ ቀድሞ ካለቀ ብቻ ነው፤ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ቀዳዳ ሁሉ በፋብሪካ ስለሚቆረጥ፣ በአርማታ ሕንፃ እንደለመድነው ሥራው ላይ ሆኖ የሚያስብ አሠሪ የተቆጠበውን ሁሉ ይጨርሰዋል። የድምፁ ነገር ረጅም መልስ አያሻውም፦ እንጨት ቀላል ስለሆነ የእግር ኮቴ በርግጥ ያሳልፋል፣ ለዚህም ከገበታው በላይ ድምፅ የሚውጥ ለስላሳ ንጣፍና በላዩ ከባድ ልስን ይደረጋል። ወጪውና ውፍረቱ ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ መግባት አለበት።

ጸሐፊው በጠየቁት ክልከላ ምትክ ደንብ አውጪዎች ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ የተሻለ ይሆናል። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ጭነት ገበታ ደኑ የሚታወቅበት ሰነድ ከቦታው ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ግንባታው ወደ ላይ ሲሄድ ከታች ያሉት ወለሎች የጂፕሰም ሽፋንና የእሳት ማጥፊያ የውሃ መስመር ሳይሟላላቸው ከተወሰኑ ወለሎች በላይ እንዳይቀጥል ይደረግ። ሦስተኛ፣ የትኛውም የመታጠቢያ ክፍል ወለሉ በውሃ ተሞልቶ ሳይፈተን፣ ከሥሩ ያለው እንጨት እርጥበትም ተለክቶ ሳይመዘገብ፣ የታችኛው ጂፕሰም አይዘጋ።